ባዶ አንገት

«ቆርጦታል ብዬሃለሁ! በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ላቡ ነው። ደግሞ ይሄ ቴሌቪዥን አርጅቷል፤ ጥቁር ነገር አያወጣም።»

«ጥቁር ካላወጣ የዳኛውን ቁምጣ እንዴት አወጣው? ስማኝ አያ ምትኩ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ክር አለ የለም በሚባል ነገር እኔን የሚያርም ሰው ሰቆጣ ላይ ገና አልተወለደም። የመሪጌታ ላቀው ልጅ አንገት ላይ ክር የለም።»

«ቀስ በል ጌጡ! እናቱ ተቀምጣለች።»

እናቱ ተቀምጣ ነበር። እኔም አጠገቧ ነበርሁ። በምትኩ ኳስ ቤት የፊተኛው አግዳሚ ለእኛ ለሁለታችን ተለቆ፣ ከኋላችን እስከ በሩ ድረስ ሰው ታጭቋል። እዚያ ቤት ኳስ ለማየት የገባች የመጀመሪያዋ ባለትዳር ሴት እናቴ ሳትሆን አትቀርም።

ወንድሜ ካሳሁን በሀገሪቱ ትልቁ ሊግ የተሰለፈበት የመጀመሪያ ቀን ነበር፤ የአዲሱ የውድድር ዘመን የመጀመሪያ ጨዋታ። ከእኛ ከተማ እዚያ የደረሰ ሌላ ልጅ አናውቅም። ቦታው ግራ ተመላላሽ ነው። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰው «ከዋግ ኽምራ የመጣው ወጣት» ሲል ምትኩ አግዳሚ ላይ ወጥቶ እስክስታ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ኳሱ ከመስመር ወጣ። ካሳሁን የእጅ ውርወራ ሊወረውር መጣ፤ ካሜራውም እዚያው አጠገቡ ነበር። ኳሱን ከራሱ በላይ ሲያነሣ አንገቱ ቴሌቪዥኑን ሞላው። ረጅም፣ ጠይም፣ ላብ የሚንቆረቆርበት፣ ባዶ አንገት።

ጭብጨባው ግማሹ እጅ ላይ ቀረ።

እናቴ አልጮኸችም። ስትደነግጥ ቋንቋዋ ኽምጣጛ ነው፤ በእሱ ለራሷ አንድ ነገር አለችና ነጠላዋን ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው አዘቀዘቀች። ጨዋታው ገና ሃያ ደቂቃው ነበር። እጄን ይዛ ስትወጣ ሰው ለአስከሬን ተሸካሚ እንደሚለቅ መንገድ ለቀቀልን።

ይህን ያስታወሰኝ ፕላስተር ነው። በቀደም ጣቴን ቢላ ቆርጦኝ ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ ነርሷ ነጩን ፕላስተር በጥርሷ ስትቀድደው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። እንደ አዲስ ጎማ፣ እንደ ሙጫ፣ ትንሽም እንደ ላብ የሚል ሽታ። ነርሷ «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ፤ እጄን ወደ ኋላ ስቤው ነበር። አላመመኝም። በአንድ አፍታ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆንሁ።

ያኔ ቤታችን ሁለት ነገር ይሸታል፤ የአባቴ ብራናና የካሳሁን ፕላስተር። ታኬታው ከእግሩ በሁለት ቁጥር ይበልጥ ስለ ነበር ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ተረከዙን ይጠቀልላል። አባቴ የዜማ ተማሪዎቻቸውን ሊያስተምሩ ሲወጡ ይረግጡት ይመስል እግሩን ሰብሰብ ያደርግላቸዋል። እሳቸውም ያንን ነጭ ጥቅል አይተው «ዛሬም ቆስለሃል?» ይሉና ያልፋሉ። ኳስ የሚባል ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።

ትልቁ ሊግ ያለ ክለብ ፈረመ የተባለው ነሐሴ ላይ ነው፣ ልክ በሻደይ። ወገባችን ላይ የሻደዩን ሣር አስረን ቤት ለቤት ስንዞር ግጥም አውጪዋ እኔ ነበርሁ። ስለ በሬና ስለ ማር የሚገጠመውን ትቼ ስለ ወንድሜ ግራ እግር ገጠምሁ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ጌጡ ልብስ ሰፊው ግን ከስፌት መኪናው ላይ ተነሥቶ «ይቺ የመሪጌታ ልጅ ቅኔውን ለኳስ ልታውለው ነው!» አለ። ስድብ ይሁን ምርቃት አልገባኝም። ለማንኛውም ቤት ስደርስ ለአባቴ አልነገርኋቸውም።

የማይገባኝ ነገር ብዙ ነበር። ሰዉ ሁሉ «አዲሱ የውድድር ዘመን ሊገባ ነው» ሲል ቆየና፣ መስከረም አንድ ቀን አባቴ ዘመኑ የማርቆስ መሆኑን ሲያውጁ «የውድድሩስ ዘመን የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አባቴ አልሳቁም። «እሱን ወንድምሽ ሲመለስ ይነግረናል» አሉ።

ሊሄድ በዋዜማው እናቴ ጥቁር ክር ገምዳ ሁለት ማተብ ሠራች። አንዱ ለካሳሁን ነው። ሁለተኛው ለአባቴ፤ የእሳቸው አርጅቶ ሳስቶ ነበር። ከአንድ ድውር የወጡ፣ በራስ የሚጠልቁ ረዘም ያሉ ክሮች ነበሩ። ቋጠሯቸውን በቀይ ክር አሰረችው። አባቴ የካሳሁንን ራሳቸው አጠለቁለት። ምክር ይሰጡታል ብለን ጠበቅን፤ ስለ ከተማ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ሴት። ያሉት ይህን ብቻ ነው፦

«ቋጠሮውን ሳትፈታ ግባ። ፈትተኸው ከሆነ ግን ይህን ደጅ አታውቀው።»

ካሳሁን ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ። ለጥምቀት ሊመጣ ነበር።

እንግዲህ ያ አንገት ባዶውን ታየ።

በነጋታው ጎረቤቶች መጡ። ማንም አልጠራቸውም። ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ፣ አንዷ ንፍሮ ይዛ መጣች፤ እናቴም ተቀብላ አስቀመጠችው። ማንም ስሙን አያነሣም። «እግዜር ያውቃል» ይላሉ፣ ያቃስታሉ፣ ይሄዳሉ። ንፍሮውን ሳይ ካሳሁን የሞተ መሰለኝ። ግን ሙት ሰው የእጅ ውርወራ ይወረውራል? ምናልባት ሊሞት ነው አልሁ። ቢሞትስ፣ ማተብ የሌለውን የትኛው ቤተ ክርስቲያን ይቀብረዋል? ሜዳው ላይ፣ ከማዕዘኑ ባንዲራ ሥር ሲቀብሩት እስኪታየኝ ድረስ አሰብሁ።

አባቴ የሰሙት ዛፍ ሥር ሲያስተምሩ ነው። አንድ ቄስ መጥተው ጆሯቸው ላይ አንሾካሾኩላቸው። እኔ የተማሪዎቹን ውኃ ይዤ ቆሜ አያለሁ። አባቴ መቋሚያቸውን እንዳነሡ ቀሩ። ተማሪዎቹ ደግሞ መቋሚያው እስኪወርድ የያዙትን ድምፅ መልቀቅ የለባቸውም፤ ሳቡት፣ ሳቡት፣ ፊታቸው ደም እስኪመስል ሳቡት። አንዱ ትንፋሽ አጥሮት ሳል ያዘው። ያኔ አባቴ መቋሚያውን አወረዱና «ከመጀመሪያው» አሉ።

ከምሳ በኋላ ሲባርኩ የሁላችንንም ስም ይጠሩ ነበር፤ ከእናቴ ጀምረው፣ ካሳሁንን አስከትለው፣ በእኔ ይጨርሳሉ። የዚያን ቀን እናቴን ጠሩ። ከዚያ አንድ ስም የሚያህል ዝምታ ሆነ። ከዚያ እኔን ጠሩ። እናቴ «አሜን» ማለት አቃታት።

ምትኩ ጋ ሮጥሁ። የካሳሁን ቁጥር እሱ ዘንድ ነበር። ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ ቆይቶ ወንድሜ «ሄሎ፣ ስንዱዬ! አያችሁኝ?» አለ። እንዲህ ደስ ብሎት ሰምቼው አላውቅም።

«ማተብህ የት ሄደ?»

«ምን?»

«አንገትህ ባዶ ነው! እማዬ ነጠላ አዘቅዝቃለች። ንፍሮ መጥቷል። አባዬ ስምህን ዘለሉት።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን መታ መታ አደረግሁት።

«ዳኛው ነው» አለ በመጨረሻ። «ከመግባታችን በፊት አሰልፈው አንገት፣ ጣት፣ ጆሮ ያያሉ። ቀለበት በለው ሀብል በለው፣ ሁሉንም ያስወልቃሉ። ማተብም። ዘንድሮ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ካላወለቅሁ አልገባም። ግን አልቆረጥሁትም፤ ቋጠሮውንም አልፈታሁት! በራሴ ነው ያወጣሁት። አባዬ ሳትፈታ አይደል ያሉኝ?»

«ታዲያ የት አደረግኸው?»

«አለ፣ እኔው ላይ አለ። መቀየሪያ ክፍል ብተወው ይጠፋብኛል ብዬ ፈራሁ።»

«የት?»

«...እግሬ ላይ። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሜ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ። ካልሲው ይሸፍነዋል።»

እግር! የሚራገጥበት፣ ጭቃ የሚረግጥበት እግር! አባቴ አንድ ተማሪ ማተቡን ወገቡ ላይ አስሮ አይተውት ሦስት ቀን ከጉባኤ ያስወጡ ሰው ናቸው።

«ካሱ፣ ምነው በቆረጥኸው» አልሁት። ከልቤ ነበር።

«አንቺ ግጥም ታውቂያለሽ አይደል? አሳምረሽ ንገሪያቸው። ብቻ ለጥምቀት ልምጣ፤ ደጁን አይዝጉብኝ» አለ። ከዚያ ኔትወርኩ እውነትም ሄደ።

ምትኩ «ምን አለ?» ሲለኝ «ደኅና ነው» ብዬው ወጣሁ። እስከ ቤት ያለው ዳገት ግጥም ለማውጣት በቃኝ። አባቴ ደጃፍ ላይ ብራና ሲፍቁ አገኘኋቸውና ፊታቸው ቆሜ አልሁ፦

ከአንገቱ ቢወርድ ክንዱ ላይ አሰረው፣
ዳኛ ቢያስወልቀው ልቡ ግን አኖረው።

መፋቂያውን አስቀመጡ። ስለ ዳኛው፣ ስለ አሰላለፉ፣ በራሱ ስለማውጣቱ የሰማሁትን ሁሉ እውነቱን ነገርኋቸው። እግር በሚለው ቦታ ብቻ ክንድ አልሁ።

«በየትኛው ክንዱ?» አሉ።

ይህን አላዘጋጀሁም። «በቀኙ።»

«ከክርኑ በላይ ወይስ በታች?»

«በላይ። ማሊያው ይሸፍነዋል።»

ብዙ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ውሸት ይህን ያህል ትንሽ ትንሽ ነገር እንደሚበላ አላውቅም ነበር፤ ደግሜ ብጠየቅ የፕላስተሩን ስፋት ሁሉ ልነግራቸው ነበር። ከዚያ «ክንድ ደኅና ነው። ክንድ ክቡር ነው» አሉና ብራናቸውን አነሡ። በማግስቱ ምሳ ላይ እናቴን ጠሩ፣ ካሳሁንን ጠሩ፣ እኔን ጠሩ። እናቴ ነጠላዋን ቀና አደረገች። ንፍሮ ላመጣችው ሴት ዕቃዋን መለሰችላት፤ ባዶውን አይደለም፣ ማር አድርጋበት።

በዚያው ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ፕላስተር ሲሸተኝ እጄን ወደ ኋላ አልስብም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ጌጡ አባቴን ጠበቃቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የጀመረውን ክርክር መተው አያውቅበትም እንጂ።

«መሪጌታ፣ አይቀየሙኝና፣ ክንዱ ላይ ነው እየተባለ ነው። እኔ ያንን ማሊያ በሰፊ ዓይን ነው ያየሁት። ክንዱ ላይ ምንም የለም።»

«አለ።»

«አዩት?»

ሰው ቆመ። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉ። መሐላ የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ ተማሪ ሲምል ከሰሙ መቋሚያቸውን ያነሣሉ። እጃቸውን አንገታቸው ላይ አሳረፉ።

«ልጄ ማተቡን በቀኝ ክንዱ ላይ ካላሰረ የእኔ ማተብ ይበጠስ።»

ጌጡ ወዲያው አንገቱን ሰበረ። «በቃ፣ በቃ መሪጌታ፣ አምኛለሁ።» እጃቸውን ስሞ ሄደ። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ቆሜ ነበር።

ያን ሳምንት ሦስት ጊዜ ልነግራቸው ሄድሁ። አንዴ ተኝተው ነበር። አንዴ ተማሪ ነበረባቸው። ሦስተኛው ጊዜ ብቻቸውን ነበሩ፤ ቀና ብለው «ምነው የኔ ባለቅኔ?» አሉኝ። እንደዚያ ጠርተውኝ አያውቁም። «ውኃ ላምጣልዎት?» ብዬ ተመለስሁ።

የቻልሁት ካሳሁንን መለመን ብቻ ነው። «እጅጌ ረጅም ልበስ» አልሁት።

«እዚህ እኮ አገሩ ዓባይ በረሃ ነው የሚመስለው! በዚህ ሙቀት?»

«ልበስ ካሱ። አባዬ ምለዋል።»

ምን ብለው እንደ ማሉ ስነግረው «እለብሳለሁ» አለ።

የሚቀጥለው የቴሌቪዥን ጨዋታ ቀን ምትኩ ኳስ ቤት በር ላይ ያለው ድንጋይ ሲነሣ ሰማሁ። ብርሃን እንዳይገባ ምትኩ በሩ ላይ ድንጋይ በገመድ አንጠልጥሎበት ነበር፤ ሰው በገባ ቁጥር ድንጋዩ ይወጣል፣ በሩ በራሱ ይዘጋል። ዞር ስል አባቴ ናቸው። ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው። ቤቱ በሙሉ ተነሣ። አንዱ ሲጋራውን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። ልጄን ላይ ነው የመጣሁት» አሉና በእናቴና በእኔ መካከል ተቀመጡ።

ካሳሁን በሙቀቱ መሀል ከማሊያው ሥር ረጅም እጅጌ ለብሶ ገባ። «ይሄ ልጅ ብርድ ይዞታል ወይስ ምን?» አለ አስተላላፊው፤ ቤቱ ሳቀ። አባቴ የቀኝ ክንዱን ብቻ ነበር የሚያዩት። ኳሱ የትም ይሂድ፣ ዓይናቸው ከክንዱ አይነቀልም። አንዴ እጁን ሲያነሣ እጅጌው ክርኑ ላይ ተጣጥፎ ጉብ አለ፤ «ያ ነው?» ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ጉልበቴን መታ መታ አደረጉልኝ። ላቡ ከካሳሁን ሳይሆን ከእኔ ይወርድ ጀመር።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ አንድ አጥቂ እየተንደረደረ መጣና ግራ እግሩን ጠለፈው። ካሳሁን ወደቀ። ቤቱ «ኡ!» አለ። መነሣት አቃተው። ወጌሻው ቦርሳውን ይዞ ሮጠ፣ ተንበረከከ፣ ታኬታውን አወለቀ። ካሳሁን በሁለት እጁ ካልሲውን አንቆ ያዘ። ወጌሻው ይስባል፣ እሱ አይለቅም። «ምን ሆኗል ይሄ ልጅ?» አለ አስተላላፊው። እኔ ዓይኔን መጨፈን ፈለግሁ፤ አልጨፈን አለኝ።

ካልሲው ወረደ። ወጌሻው ነጩን ፕላስተር ጫፉን ይዞ ላጠው። ካሜራው ቀረበ። ጥቁር ክር፣ ሁለት ዙር፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ። ቀዩ ቋጠሮ ከነጩ ፕላስተር መሀል እንደ ደም ነጥብ ታየ።

«ክሬ!» አለች እናቴ። ብድግ ብላ እልል አለች። «አልቆረጠውም! ክሬ ነው! አልፈታውም!» ብቻዋን ነበረች እልል የምትለው። ሲገባት መሀሉ ላይ ተወችውና አባቴን አየች።

ሰው ሁሉ አባቴን ነበር የሚያየው። ምትኩ ድምፁን አጠፋው። ካሳሁን ያለ ድምፅ ሣሩ ላይ ተጋድሞ፣ አንድ እጁን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ከድኖ ይታያል።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ ጠበቅሁ። ቁጣ አልነበረም። ስሜን የረሱት ነበር የሚመስለው።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ አባዬ።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ጌጡ አለህ?»

«አለሁ መሪጌታ» አለ ጌጡ ከኋላ፣ ቀስ ብሎ።

«ምን ብዬ ነበር የማልሁት?»

«ይተዉት መሪጌታ። ኳስ ነው፣ ጨዋታ ነው። እኔ ነኝ ጥፋተኛው።»

«መቀስህን አምጣ።»

«አላመጣም! እባክዎ... ካልሆነ እንኳን በራስዎ ያውጡት፣ እንደ ልጁ። ያው ነው።»

«ይውጣ አላልሁም። ይበጠስ ነው ያልሁ።»

እጃቸውን በጋቢያቸው ሥር አስገብተው ክሩን ያዙ። ሳቡት። አልተበጠሰም፤ የእናቴ ድውር ነው። ቆዳቸው ላይ ሰመጠ። እናቴ «መሪጌታ!» ብላ እጃቸውን ልትይዝ ስትል በሁለተኛው ሳቡትና ጠብ አለ። ትንሽ ድምፅ ነበረች፤ እንደ ደረቅ ሣር። ከኋላ አንድ ሽማግሌ አማተቡ።

አባቴ መዳፌን ገልብጠው ክሩን አስቀመጡብኝ። ይሞቅ ነበር። ቀዩ ቋጠሮ እንደታሰረ ነው፤ የተበጠሰው በሌላ በኩል ነው።

«ደውይለት» አሉኝ። «ቋጠሮው አልተፈታም። ለጥምቀት ይግባ በይው።»

«እርስዎስ የት ሊሄዱ ነው?» አለች እናቴ።

«ሳይመሽ የንስሐ አባቴን ላግኛቸው።»

ሰው ለሁለት ተከፈለላቸው። ሲያልፉ አንገታቸውን አየሁት፤ ከጥምጥማቸውና ከጋቢያቸው መሀል፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ፀሐይ ያልነካው፣ ክሩ የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ፣ ከላዩ ቀይ ሰንበር ወጥቶበት። በሩን ገፉት። ብርሃኑ ቴሌቪዥኑን አጠፋው፣ ካሳሁንን አጠፋው። ከዚያ ድንጋዩ በገመዱ ወረደ፣ በሩም ተዘጋ።